ሮልፍ ሲቨርት እና የታካሚ የጨረራ መጠን፦ ከራዲየም መርፌ እስከ ሲቲ ስካን

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የስዊድናዊውን የሕክምና ፊዚክስ ሊቅ የሮልፍ ማክሲሚሊያን ሲቨርትን (1896–1966) ሕይወትና ሥራ ይዳስሳል፤ ሥራቸው ዛሬ በሲቲ ስካን ምርመራ የታካሚን የጨረራ መጠን ለመለካትና ለመቀነስ ከሚደረገው ጥረት ጋር ያለውንም ዝምድና ይመረምራል። ሲቨርት በይበልጥ የሚታወቁት በስማቸው በተሰየመው የመለኪያ አሃድ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ግን ከአሃዱ ይልቅ የአሠራር ልማዳቸው የላቀ ቅርስ ነው የሚል ነው። ልማዱም መለኪያን ታካሚው እስካለበት ማድረስ፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወሩ መለካት፣ የተገኘውንም ውጤት እርስ በርስ ማነጻጸር ነበር። የሲቲ ስካን ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ይህ ልማድ በዘገየበት ቦታ የታካሚዎች የጨረራ መጠን ሳይታወቅ ቆይቷል፤ በተተገበረበት ቦታ ደግሞ መቀነስ ተችሏል። ከኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በስተቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በራዲዮሎጂ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ሚሊሲቨርት የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቃሉ በመመሪያዎች፣ በምርምር ጽሑፎችና በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። አሃዱ የተሰየመለት ሰው የሕይወት ታሪክ ግን በትምህርት ክፍሎቻችን እምብዛም አይነሳም። አሃዱ ይህን ስያሜ ያገኘው በ1979 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሚዛንና የመለኪያዎች ጉባኤ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሲቨርት ካረፉ 13 ዓመታት ሆኗቸው ነበር። የመጀመሪያው ታካሚ በሲቲ ስካን የተመረመረውም ለንደን በነበረው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል በጥቅምት 1971 ነው። ስለዚህ ሲቨርት በስማቸው በሚጠራው አሃድ ለክተው አያውቁም፤ ዛሬ አሃዱ በብዛት የሚነሳበትን መሣሪያም አላዩም።

ይህ ከሆነ ሕይወታቸው ለሲቲ ስካን ባለሙያ ምን ይፈይዳል? መልሱን ለማግኘት የሠሩትን በቅደም ተከተል መመልከት ያስፈልጋል። የሠሩበት ዘመን ጨረራ በሕክምና ውስጥ በስፋት ይሰጥ የነበረበት፣ የተሰጠው መጠን ግን በውል የማይታወቅበት ዘመን ነበር። ከዚያ ወደ መለካት የተደረገው ሽግግር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሲቲ ስካን ላይ በአዲስ መልክ ተደግሟል።

2. ትውልድና ዘመን

ሮልፍ ሲቨርት በግንቦት 6 ቀን 1896 በስቶክሆልም ተወለዱ። አባታቸው ማክስ ሲቨርት በ1880ዎቹ ከጀርመን፣ ከሳክሶኒ ግዛት፣ ወደ ስዊድን የመጡ ነጋዴ ነበሩ። በስቶክሆልም አቅራቢያ በምትገኘው በሱንድቢበርይ ያቋቋሙት የኤሌክትሪክ ገመድ ፋብሪካ በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቃ። አባት በ1913 ሲያርፉ ልጃቸው ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበሩ። የወረሱት ሀብት የንግዱን መንገድ እንዲከተሉ የሚያስችል ቢሆንም፣ ሲቨርት በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማሩ። ኋላም ሀብታቸውን ለምርምር ማስኬጃ አዋሉት።

የተወለዱበት ጊዜ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኙት በኅዳር 1895፣ ሲቨርት ከመወለዳቸው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነበር። ሄንሪ ቤክሬል የዩራኒየምን ጨረራ ያስተዋሉት በመጋቢት 1896 ሲሆን፣ ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ያገኙት በ1898 ነው። እነዚህ ግኝቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሆስፒታል ገቡ። የመሣሪያውን ጥንካሬ ለመፈተን የገዛ እጃቸውን ከጨረሩ ፊት የሚዘረጉ ሐኪሞችና ቴክኒሻኖች ነበሩ። ብዙዎቹ በመጀመሪያ የቆዳ ቁስለት፣ ቆይቶም የጣት መቆረጥና ካንሰር ደረሰባቸው። በ1936 በሃምቡርግ ከተማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ግቢ በቆመው የመታሰቢያ ሐውልት ላይ በጨረራ ሥራ ሕይወታቸውን ያጡ የ169 ሰዎች ስም ተቀርጾ ነበር።

የዚያ ዘመን ዋና ችግር ጨረራው አደገኛ መሆኑ አለመታወቁ ብቻ አልነበረም። አደጋው ከታወቀ በኋላም መጠኑን የሚናገር የጋራ ቋንቋ አልነበረም። ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት መለኪያ የታካሚው ቆዳ ራሱ ነበር፤ ቆዳን ለማቅላት የሚበቃው ጨረራ እንደ አንድ ሙሉ መጠን ይቆጠር ነበር። ይሁን እንጂ የቆዳ መቅላት እንደ ሰውየው፣ እንደ ሰውነቱ ክፍል፣ እንደ ጨረሩ ኃይልና እንደ ተመልካቹ ዓይን ይለያያል። በአንዱ ሆስፒታል ሙሉ የተባለው መጠን በሌላው ግማሽ ሊሆን ይችል ነበር።

3. በራዲየምሄሜት

ራዲየምሄሜት በ1910 በስቶክሆልም የተከፈተ የካንሰር የጨረር ሕክምና ማዕከል ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ዮስታ ፎርሴል ነበሩ። ወጣቱ ሲቨርት በራሳቸው ወጪ የፊዚክስ ሥራ ለማካሄድ ወደዚህ ማዕከል ቀረቡ። ሐኪም ብቻ በሚሠራበት ተቋም ውስጥ የፊዚክስ ባለሙያ ቋሚ ስፍራ እንዲኖረው ማድረግ በዚያን ጊዜ የተለመደ አልነበረም። ከ1924 እስከ 1937 ድረስ የማዕከሉ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል።

የመጀመሪያው ዋና ሥራቸው በ1921 ታትሞ ወጣ። ራዲየም ለሕክምና ሲውል ጨው መሰል ውሑዱ በቀጭን የብረት መርፌ ወይም ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ወደ ዕጢው ይገባል፤ ወይም ከዕጢው አጠገብ ይቀመጣል። በመርፌው ዙሪያ ባለ አንድ ነጥብ ላይ የሚደርሰውን ጨረራ ማስላት ግን ቀላል አይደለም። ከእያንዳንዱ የመርፌው ክፍል የሚነሳው ጨረር የተለያየ ርቀት ይጓዛል፤ የመርፌውንም ግድግዳ በተለያየ ማዕዘን ያቋርጣል። አግድም የሚያልፈው ጨረር ቀጥ ብሎ ከሚያልፈው ይልቅ ብዙ ብረት ስለሚያጋጥመው ይበልጥ ይዳከማል። ሲቨርት ይህን ሁሉ በአንድ የሒሳብ ቀመር አጠቃለሉት። ቀመሩ እስከ ዛሬ ድረስ የሲቨርት ኢንተግራል እየተባለ በውስጣዊ የጨረር ሕክምና ትምህርት ውስጥ ይሰጣል።

ከዚህ ሥራ ጀምሮ አንድ አቅጣጫ ግልጽ ነው። ሲቨርት የሚጠይቁት ከመሣሪያው ምን ያህል ጨረራ ይወጣል የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ በታካሚው ሰውነት ውስጥ በዚህ ነጥብ ላይ ምን ያህል ይደርሳል የሚለውን ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ቢመስሉም መልሳቸው ይለያያል። ወደፊት እንደምናየው በሲቲ ስካን ላይ ያለው ውዝግብም የሚመነጨው ከዚሁ ልዩነት ነው።

4. ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞር መለኪያ

በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲቨርት በስዊድን ለሚገኙ የኤክስሬይ ክፍሎች ተዘዋዋሪ የመለኪያ አገልግሎት ጀመሩ። የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ይዞ ወደየሆስፒታሉ በመሄድ የእያንዳንዱ ቱቦ የጨረራ ምርት ይለካል፤ መከለያዎቹ ይፈተሻሉ፤ ሠራተኞቹ የሚቆሙበት ቦታ ይመረመራል። በዚህ መንገድ በተለያዩ ከተሞች የሚሰጡ ሕክምናዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ ቻሉ። አንድ ሐኪም ለታካሚው ያዘዘው መጠን በሌላ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ መናገር የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥራው ሁለተኛ ጥያቄ አስከተለ፤ የሚለካው ጨረራ ምን ያህል ሲሆን ብዙ ይባላል? በ1925 ሲቨርት ለሠራተኞች ሊታለፍ የማይገባ መጠን አቀረቡ፤ እርሱም ቆዳን ከሚያቀላው መጠን በዓመት አንድ አሥረኛው ነበር። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የፊዚክስ ሊቁ አርተር ሙትሼለር በራሳቸው መንገድ ተመራምረው በወር አንድ መቶኛ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የሙትሼለር ወርኃዊ መጠን በአሥራ ሁለት ሲባዛ ከሲቨርት ዓመታዊ መጠን ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው። በሁለት አህጉር ያሉ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ውጤት መድረሳቸው ሐሳቡ ተሰሚነት እንዲያገኝ ረድቷል።

በ1928 ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የራዲዮሎጂ ጉባኤ በስቶክሆልም ተካሄደ። ጉባኤው ሁለት ነገሮችን አጸደቀ። አንደኛ፣ ሮንትገን የተባለው አሃድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆነ፤ አሃዱ የተመሠረተው ጨረራ በአየር ውስጥ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ላይ እንጂ በሰው ቆዳ ላይ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ዓለም አቀፍ የኤክስሬይና የራዲየም መከላከያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ይህ ኮሚቴ በ1950 ስሙን ቀይሮ የዛሬው ዓለም አቀፍ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ሆኗል። የሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሲቨርት በምሥረታው ላይ ጉልህ ድርሻ ነበራቸው።

በቀጣዮቹ ዓመታት በስማቸው የሚጠራውን አነስተኛ ቻምበር ሠሩ፤ ዘዴውንም በ1932 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት አብራሩ። የአሠራሩ መርህ ቀላል ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስፋት ያለው ክፍል አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ከዚያም ከሽቦው ተለይቶ በታካሚው ቆዳ ላይ ወይም በሰውነቱ ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል። ጨረራ ሲያርፍበት በውስጡ ያለው አየር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሚሆን ክፍሉ ከያዘው ቻርጅ የተወሰነውን ያጣል። በመጨረሻ የቀረው ቻርጅ ሲለካ የደረሰው የጨረራ መጠን ይታወቃል። በሕክምናው ጊዜ ታካሚው ከምንም ገመድ ጋር አይያያዝም። መለኪያው ከግድግዳና ከጠረጴዛ ተላቆ ከታካሚው ጋር መተኛት የጀመረው እንዲህ ነው።

5. መለኪያው ሕግ ሲሆን

በ1928 ንጉሥ ጉስታቭ አምስተኛ 70ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ለካንሰር ሕክምና እንዲውል ተደረገ። በዚህ ገንዘብ በስቶክሆልም፣ በዮተቦርይና በሉንድ የጨረር ሕክምና ማዕከላት ተጠናከሩ። ራዲየምሄሜትም በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ካሮሊንስካ ሆስፒታል ግቢ ሲዛወር፣ ከጎኑ ራሱን የቻለ የጨረራ ፊዚክስ ተቋም ተቋቋመ፤ የሚመሩትም ሲቨርት ሆኑ። በ1941 ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ።

በዚያው ዓመት ስዊድን የጨረራ መከላከያ ሕግ አወጣች። ሕጉ በጨረራ የሚሠራ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረውና እንዲፈተሽ የሚያዝ ሲሆን፣ ቁጥጥሩም ለሲቨርት ተቋም በአደራ ተሰጠ። የዚህ አደረጃጀት ጠቀሜታ በቀላሉ የሚታይ ነው። ቁጥጥር የሚያደርገው አካል በየሆስፒታሉ ለዓመታት ሲለካ የኖረው፣ መሣሪያዎቹን በዓይኑ የሚያውቀው ተቋም ነበር። ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ወረቀት የተሟላ መሆኑን ብቻ ሳይሆን የተለካው ቁጥር ስንት እንደሆነም ነበር።

6. ከጦርነቱ በኋላ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሲቨርት ትኩረት ወደ ዝቅተኛና ተደጋጋሚ ጨረራ አዘነበለ። ከሰው ገላ የሚወጣውን እጅግ ደካማ የጋማ ጨረራ የሚለኩ መሣሪያዎች ሠሩ። ይህ ጨረራ በዋናነት የሚመጣው በተፈጥሮ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ፖታሲየም 40 ነው። በተቋማቸው ቤንግት ሁልትክቪስት ያካሄዱትና በ1956 የታተመው ጥናት ደግሞ የመኖሪያ ቤቶችን መረመረ፤ ከአለም ሼል ድንጋይ በተሠራ ቀላል ኮንክሪት የታነጹ ቤቶች ከእንጨት ቤቶች የበለጠ ጨረራ እንዳላቸው አሳየ። የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በበዙበት በዚያ ዘመን፣ በስዊድን የጋማ ጨረራን ያለማቋረጥ የሚመዘግቡ ጣቢያዎች እንዲተከሉም አደረጉ።

ከ1956 እስከ 1962 የዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆኑ። በ1950ዎቹ መገባደጃም የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረራ ውጤቶች ሳይንሳዊ ኮሚቴን በሊቀመንበርነት መርተዋል። በሊቀመንበርነት ዘመናቸው ኮሚሽኑ ለሠራተኞች የሚፈቀደውን መጠን በአማካይ በዓመት 5 ሬም ላይ ወሰነ፤ ይህም በዛሬው አሃድ 50 ሚሊሲቨርት ነው። በ1957 ደግሞ ኮሚሽኑና የጨረራ አሃዶች ኮሚሽን በሳይንሳዊው ኮሚቴ ጠያቂነት በሕክምና ምክንያት በሕዝብ ላይ ስለሚደርሰው ጨረራ የጋራ ጥናት አሳተሙ። የዓለም ዓይን በቦምብ ፍርስራሽ ላይ ባረፈበት ጊዜ፣ ሰው ሠራሽ ከሆነው ጨረራ ብዙው ከሆስፒታል እንደሚመጣ እንዲታይ ያደረገው እንዲህ ያለው ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ሊጤን ይገባል። ለሠራተኛ የተወሰነ ጣሪያ አለው፤ ለታካሚ ግን ጣሪያ የለውም። ምክንያቱም ታካሚው ከምርመራው ራሱ ተጠቃሚ ስለሆነ፣ በቁጥር ጣሪያ ማስቀመጥ አስፈላጊውን ምርመራ ሊከለክል ይችላል። በጣሪያ ምትክ ታካሚውን የሚጠብቁት ሁለት መርሆች ናቸው፤ ምርመራው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፣ መጠኑም ለምርመራው ከሚበቃው በላይ መሆን የለበትም። ሁለተኛው መርህ ግን ያለ ልኬት ባዶ ቃል ነው። የሚበቃው ስንት እንደሆነ ለማወቅ የሚሰጠው ስንት እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ሲቨርት በጥቅምት 3 ቀን 1966 በ70 ዓመታቸው በስቶክሆልም አረፉ።

7. ልማዱ በሲቲ ስካን ላይ

ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቲ ስካን መጣ። መሣሪያው በሕክምና ላይ ያመጣው ለውጥ ታላቅ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥያቄ ምስሉ ምን ያሳያል የሚል ነበር። የጨረራው አሰጣጥ ከተለመደው ኤክስሬይ የተለየ መሆኑ ደግሞ ልኬቱን አወሳሰበው። ቱቦው በታካሚው ዙሪያ እየዞረ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚረጭ፣ መጠኑ ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ አይሄድም። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የተረጨው ጨረርም ወደ ጎረቤት ቁራጮች ይበተናል። ይህን ሁሉ የሚያጠቃልል መለኪያ የቀረበው በ1981 በአሜሪካ ሲሆን፣ የሲቲ ዶዝ ኢንዴክስ ይባላል።

የአለካኩ ዘዴ ለሲቨርት እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር። 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው እርሳስ መሰል አዮናይዜሽን ቻምበር ከአክሪሊክ በተሠራ ድፍን ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሲሊንደሩ የሰውን አካል የሚወክል ሲሆን፣ ለጭንቅላት 16፣ ለግንድ አካል 32 ሴንቲሜትር ዲያሜትር አለው። ቻምበሩ በመሃሉና በጠርዙ ባሉ ቀዳዳዎች በየተራ እየገባ ይለካል፤ የመሃሉ ውጤት አንድ ሦስተኛ፣ የጠርዙ አማካይ ሁለት ሦስተኛ ክብደት ተሰጥቷቸው ይደመራሉ። ውጤቱ ፒች ለሚባለው የአልጋው ፍጥነት ምጣኔ ሲካፈል በመሣሪያው ስክሪን ላይ የሚታየው የይዘት ኢንዴክስ ይገኛል። ይህም በተቃኘው ርዝመት ሲባዛ የመጠንና ርዝመት ብዜት ይሆናል።

ለአብነት ያህል የመሃሉ ልኬት 6፣ የጠርዙ አማካይ 9 ሚሊግሬይ ቢሆንና ፒቹ 1 ቢሆን፣ ኢንዴክሱ 8 ሚሊግሬይ ነው። የተቃኘው ደረት 30 ሴንቲሜትር ከሆነ ብዜቱ 240 ሚሊግሬይ ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ ለአዋቂ ደረት በሚያገለግለው 0.014 ሲባዛ ወደ 3.4 ሚሊሲቨርት ይጠጋል። የምድር ነዋሪ ከተፈጥሮ ምንጮች በዓመት በአማካይ የሚያገኘው 2.4 ሚሊሲቨርት መሆኑን ስናስታውስ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ መገመት ይቻላል።

መለኪያው ከተገኘ በኋላ የቀረው ሁለተኛው እርምጃ፣ ማለትም ከሆስፒታል ሆስፒታል መዞር ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የብሪታንያ ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ቦርድ ይህን አደረገ። ውጤቱም አስደናቂ ነበር፤ ሲቲ ስካን በአገሪቱ ከሚደረጉ የኤክስሬይ ምርመራዎች 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ከእነዚህ ምርመራዎች ከሚያገኘው ጨረራ 20 በመቶ ያህሉን ይሸፍን ነበር። ይህን በአንድ ሆስፒታል ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም።

ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች የምርመራ ማጣቀሻ መጠን የሚባለው አሠራር ተወለደ፤ ዓለም አቀፉ ኮሚሽንም በ1996 ተቀበለው። የየሆስፒታሉ ሚዲያን መጠን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ይደረደራል፤ ከአራት ሦስቱ ሆስፒታሎች የሚገኙበት ወሰን እንደ ማጣቀሻ ይያዛል። ከዚያ በላይ የሆነ ሆስፒታል አይቀጣም፤ ምክንያቱን እንዲመረምር ይጠየቃል። በብሪታንያ በተለመዱት የኤክስሬይ ምርመራዎች ላይ ተመሳሳይ ማነጻጸሪያ ከተጀመረ በኋላ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ መጠኑ በአማካይ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይህ በሲቨርት ተዘዋዋሪ አገልግሎትና በዛሬው አሠራር መካከል ያለው ቀጥተኛ ዝምድና ነው፤ ንጽጽር ትርፍ የነበረውን ያጋልጣል።

ትርፉ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከዕለታዊ ቅንብር ነው። የቱቦው ኤሌክትሪክና የጊዜው ብዜት በግማሽ ሲቀንስ መጠኑም በግማሽ ይቀንሳል፤ ኖይዝ የሚባለው የምስሉ ሸካራነት ግን የሚጨምረው በ41 በመቶ ገደማ ነው። ለሳንባ ወይም ለኩላሊት ጠጠር ምርመራ ይህ ሸካራነት ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ለጉበት ጥቃቅን ዕጢ ግን ምርመራውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ቮልቴጁ ከ120 ወደ 100 ኪሎቮልት ሲወርድ፣ ሌላው ቅንብር ካልተለወጠ፣ መጠኑ በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ በአዮዲን የሚታዩ የደም ሥሮችም ይበልጥ ይደምቃሉ። የሚቃኘውን ርዝመት በሚያስፈልገው ላይ ብቻ መወሰን፣ ታካሚውን በቀለበቱ መሃል በትክክል ማስተኛት፣ አላስፈላጊ ድጋሚ ቅኝትን ማስቀረት ገንዘብ አይጠይቅም።

8. የአሃዱ ወሰን

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሲቨርት የተባለው አሃድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግሬይ በአንድ ኪሎግራም አካል የተመጠጠውን ኃይል ይናገራል። ሲቨርት ደግሞ ይህን ኃይል በጨረራው ዓይነትና በየብልቱ ተጋላጭነት ይመዝናል። ሚዛኖቹ የተወሰዱት በሁለቱም ጾታና በሁሉም ዕድሜ ካለ ሕዝብ አማካይ ነው። ስለዚህ አሃዱ ምርመራዎችን ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ የአንዲትን የአምስት ዓመት ሕፃን የግል አደጋ ለመተንበይ ግን አልተሠራም።

በስክሪኑ የሚታየው ኢንዴክስም የፕላስቲክ ሲሊንደር እንጂ የታካሚው አይደለም። በ32 ሴንቲሜትሩ ሲሊንደር የተሰላ ቁጥር ለቀጭን ሕፃን ሲወሰድ፣ ትክክለኛው የተመጠጠ መጠን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው በ2011 በታካሚው ውፍረት የሚታረም ስሌት የቀረበው። ሲቨርት በ1921 ያነሱት ጥያቄ፣ ማለትም ጨረራው በታካሚው ሰውነት ውስጥ በዚህ ነጥብ ላይ ስንት ነው የሚለው፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

9. ለአገራችን የሚኖረው ፋይዳ

ኢትዮጵያ የጨረራ መከላከያ ሥራን በሕግ የደነገገችው በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ሲሆን፣ በኋላ በወጡ አዋጆች ሕጉ ተሻሽሏል። የሲቲ ስካን አገልግሎትም ቀድሞ ከነበረበት ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች እየሰፋ ነው። ይህ ለታካሚዎች ታላቅ ዕድል ነው። በስፋቱ ልክ ግን የቅንብር ልዩነት ይመጣል፤ የተለያየ አምራች፣ የተለያየ ዕድሜ ያለው መሣሪያ፣ የተለያየ ሥልጠና ያለው ባለሙያ በአንድ አገር ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ይህ በ1920ዎቹ ስዊድን ከነበረው ሁኔታ ጋር በመሠረቱ ይመሳሰላል።

ከሲቨርት ዘመን የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ዘመናዊ መሣሪያ ሁሉ የኢንዴክሱንና የብዜቱን ቁጥር ከእያንዳንዱ ምርመራ በኋላ ራሱ ይመዘግባል። አንድ ሆስፒታል ለእያንዳንዱ የምርመራ ዓይነት የ20 አዋቂ ታካሚዎችን ቁጥር ሰብስቦ ሚዲያኑን ቢያሰላ የራሱን መነሻ ያገኛል። ለሕፃናትም በክብደትና በዕድሜ ተለይቶ እንዲሁ ሊደረግ ይችላል። በሕፃናት ላይ የአዋቂ ቅንብር መጠቀም ከሁሉ በፊት ሊታረም የሚገባው ስለሆነ፣ በዚያ መጀመር ይመረጣል። ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ቻምበርና ሲሊንደር ይዞ በየሆስፒታሉ የሚዞር የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን በስክሪን መተካት አይቻልም።

10. ማጠቃለያ

የሮልፍ ሲቨርት ሕይወት ከአንድ ቀመር፣ ከአንድ መሣሪያና ከአንድ ስም በላይ የሆነ ትምህርት ይሰጣል። በወረሱት ሀብት ላቦራቶሪ አቋቋሙ፤ መለኪያውን ከታካሚው ጋር አስተኙ፤ በየከተማው እየዞሩ ለኩ፤ የተለካውንም ወደ ሕግ አሸጋገሩ። ሲቲ ስካን ከመጣ በኋላ ይህ ቅደም ተከተል እንደገና መጀመር ነበረበት፤ መለኪያው እስኪገኝ አሥር ዓመት፣ የሆስፒታሎች ንጽጽር እስኪደረግ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት የተመረመሩ ታካሚዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ጨረራ አግኝተው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

አገልግሎቱን አሁን በማስፋፋት ላይ ያሉ አገሮች ይህን መዘግየት መድገም አይጠበቅባቸውም። አዲስ የሲቲ ስካን መሣሪያ በተተከለ ቁጥር የመጀመሪያው ልኬት፣ የመጀመሪያው መዝገብና የመጀመሪያው ንጽጽር አብረው ቢጀመሩ፣ የታካሚው የጨረራ መጠን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚታወቅ ይሆናል። የሚታወቅ መጠንም ሊቀነስ ይችላል።